በአርቪ ወደ ኬጀን አገር፦ የደቡብ ሉዊዚያና ጉዞ እንዴት እንደሚታቀድ

ከሂውስተን ወደ ኒው ኦርሊንስ በኢንተርስቴት 10 የሚያልፍ መንገደኛ ደቡብ ሉዊዚያናን በጥቂት ሰዓታት አቋርጦ፣ ነዳጅ ከቀዳበት ጣቢያና ከረጃጅሞቹ ድልድዮች በቀር ምንም ሳያይ ሊወጣ ይችላል። አገሩ የሚጀምረው ግን ከዚያ ጎዳና ጥቂት ማይል ፈቀቅ ሲሉ ነው። ግንዱን ውኃ ውስጥ የተከለ የሳይፕረስ ደን፣ ቅርንጫፎቻቸው መንገድ ላይ ያጎነበሱ የኦክ ዛፎች፣ የሸንኮራ አገዳና የሩዝ ማሳ፣ ቅዳሜ ጠዋት አኮርዲዮንና ቫዮሊን የሚሰማበት ትንሽ ከተማ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ይህን አገር ለማየት አርቪ፣ ማለትም መኝታ፣ ኩሽናና መጸዳጃ ያለው ተሽከርካሪ፣ ከሆቴል ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ምርጦቹ ማደሪያዎች ያሉት ከከተማ ውጭ፣ ሐይቅና ረግረግ ዳር በተከለሉት የግዛቲቱ ፓርኮች ውስጥ ነውና።

ከሁሉ አስቀድሞ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። የዚህ ጉዞ ዕቅድ መነሻው የቀን መቁጠሪያ እንጂ ካርታ አይደለም፤ ከቀኖቹም ቅዳሜ ይቀድማል። የኬጀን ሕዝብ ሙዚቃው፣ ጭፈራውና ጨዋታው በአብዛኛው ቅዳሜ ላይ ስለሚሰበሰብ፣ ቅዳሜን መንገድ ላይ ያሳለፈ ተጓዥ ውኃውንና ዛፉን አይቶ ሕዝቡን ሳያይ ይመለሳል። ስለዚህ ቅዳሜ የት እንደሚውሉ ይወስኑ፤ ሌሎቹን ቀናት ከዚያ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይደርድሩ።

ስለ አገሩ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት

ኬጀኖች ዛሬ የካናዳ ግዛት በሆነችው በኖቫ ስኮሺያና በአካባቢዋ ይኖሩ የነበሩ፣ አካዲያን የሚባሉ የፈረንሳይ ሰፋሪዎች ዘሮች ናቸው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1755 ጀምሮ ከ10,000 በላይ የሚሆኑትን ከመሬታቸው ነቅለው በመርከብ አባረሯቸው፤ ብዙዎች በመንገድ ላይ በበሽታና በመርከብ መስጠም አለቁ። የተረፉት ከ1764 ጀምሮ በየቡድኑ በወቅቱ በስፔን ሥር ወደነበረችው ሉዊዚያና ገቡ፤ በ1785 ደግሞ ሰባት መርከቦች 1,600 ያህል ሰዎችን ከፈረንሳይ አመጡ። ከእነርሱ ጎን ለጎን ጥቁር ክሪዮሎች (ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የሆኑ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው የአገሩ ሰዎች)፣ ቀደምቶቹ የቺቲማቻ ሕዝቦች፣ ስፔናውያንና ጀርመኖች ኖረዋል፤ ዛሬ የኬጀን ምግብና ሙዚቃ የምንለው የእነዚህ ሁሉ እጅ ያረፈበት ነው። ግዛቲቱ በ1921 ሕገ መንግሥቷ ትምህርት በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሰጥ በመደንገጓ አንድ ትውልድ በአባቱ ቋንቋ ሲናገር እየተቀጣ አድጓል። ፈረንሳይኛን ለማዳን በመንግሥት ደረጃ ሥራ የተጀመረው በ1968 ነው፤ በ1971 ደግሞ የግዛቲቱ ምክር ቤት ከ22 ፓሪሾች የተውጣጣውን ይህን አካባቢ አካዲያና ብሎ በይፋ ሰየመው። ፓሪሽ በሌሎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ካውንቲ የሚባለው አስተዳደር ነው። ቋንቋን ይዞ መቆየት ምን እንደሚጠይቅ የምናውቅ ሰዎች ይህን ታሪክ ይዘን ስንሄድ፣ አንድ ሽማግሌ በፈረንሳይኛ ሲዘፍን የምንሰማው ከዘፈኑ ያለፈ ነገር ነው።

የአካባቢው ማዕከል ላፋዬት ከተማ ናት። ከሂውስተን 215 ማይል፣ ከኒው ኦርሊንስ ደግሞ 135 ማይል ገደማ ትርቃለች። በሂውስተንና በዳላስ ለሚኖሩ ወገኖቻችን በአንድ ቀን መንዳት የምትደረስ ናት፤ ከሩቅ ግዛት ለሚመጡ ደግሞ ወደ ሂውስተን ወይም ወደ ኒው ኦርሊንስ በርሮ አርቪ እዚያው መከራየት ይቀላል።

አንደኛ፦ ቅዳሜን ያስቀምጡ

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ቅዳሜውን ከላፋዬት ሰሜን ምዕራብ 40 ማይል ያህል ርቃ በምትገኘው በዩኒስ ከተማ ቢያደርግ እመክራለሁ። ዩኒስ ያለችው ረግረጉ አብቅቶ ሜዳው በሚጀምርበት፣ የሩዝና የከብት አገር በሆነው የኬጀን ፕሬሪ ላይ ነው። አኮርዲዮን ሠሪው ማርክ ሳቮይ በ1966 የከፈተው ሳቮይ የሙዚቃ ማዕከል ቅዳሜ ጠዋት በሩን ለሙዚቀኞች ይከፍታል፤ ሽማግሌውም ወጣቱም መሣሪያውን ይዞ መጥቶ ክብ ሠርቶ ይጫወታል። ለመግቢያ አይከፈልም፤ የሚቆርስ ነገር ይዞ መግባት ግን የቆየ ልማድ ነው። እዚህ ቦታ ትርኢት ለማየት እንደመጣ ሰው መሆን አይገባም፤ ሙዚቀኞቹ የተሰበሰቡት ለራሳቸው ስለሆነ ጸጥ ብሎ ማዳመጥ፣ ፎቶ ከማንሳት በፊት ፈቃድ መጠየቅ ይገባል።

ከዩኒስ በስተሰሜን 11 ማይል ገደማ በምትገኘው በማሙ ደግሞ ፍሬድስ ላውንጅ የሚባል መጠጥ ቤት አለ። ቅዳሜ ጠዋት ሙዚቃው በሬዲዮ በቀጥታ እየተላለፈ ሰው በማለዳ ይደንሳል። ልጆች ይዞ ለሚጓዝ ቤተሰብ ይህኛው አይሆንም፤ ከልጆች ጋር ከሆኑ ሳቮይን ይምረጡ። ከሰዓት በኋላ ዩኒስ ውስጥ የብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት የሚያስተዳድረውን የፕሬሪ አካዲያን የባህል ማዕከል ይጎብኙ፤ መግቢያው ነጻ ነው። ማምሻውን ከአጠገቡ በ1924 የተሠራው ሊበርቲ ቲያትር የኬጀንና የዛይዴኮ ሙዚቃ የሚቀርብበት መድረክ ነው፤ የሁለቱንም የሥራ ቀንና ሰዓት ከመነሳትዎ በፊት ደውለው ያረጋግጡ።

ሁለተኛ ቅዳሜ የሚተርፈው ሰው ከላፋዬት አጠገብ ባለችው በብሮ ብሪጅ ያውለው። እዚያ ቁርስና የዛይዴኮ ጭፈራ በአንድ ላይ የሚቀርብበት የቅዳሜ ጠዋት ልማድ አለ። ዛይዴኮ የጥቁር ክሪዮሎች ሙዚቃ ነው፤ አኮርዲዮኑን ደረት ላይ እንደ ሰደርያ የሚለበስ የቆርቆሮ መፋቂያ ያጅበዋል። ታላቁ ጌታው ክሊፍተን ሼኒየር በ1925 የተወለደው በዚሁ አገር፣ በኦፐሉሳስ አካባቢ ነበር።

ሁለተኛ፦ ወቅቱን ይምረጡ

ከማርች አጋማሽ እስከ ሜይ መጀመሪያ ያለው ጊዜ ከሁሉ ይመረጣል። አየሩ ገና አልከበደም፤ በሌክ ማርቲን ሐይቅ ነጫጭ ሳቢሳዎችና ሮዝ ቀለም ያላቸው ባለ ማንኪያ ምንቃር ወፎች ጎጆ ላይ ናቸው፤ ክሮውፊሽ የሚባለው ትንሽ የወንዝ ፍጥረትም በብዛት የሚገኝበት ወቅት ነው። ላፋዬት ውስጥ ከ1987 ጀምሮ የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች የሙዚቃ በዓል በኤፕሪል ማብቂያ ሳምንት ላይ ይውላል፤ ወዲያው ተከትሎ በሜይ የመጀመሪያ ቅዳሜና እሑድ የብሮ ብሪጅ የክሮውፊሽ በዓል ይመጣል። እነዚህን ሁለት ሳምንታት የሚፈልግ ሰው የካምፕ ቦታውን ከወራት በፊት መያዝ አለበት።

ሁለተኛው ምርጫ ኦክቶበርና ኖቬምበር ነው። ከ1974 ጀምሮ ያለው የአካዲያንና የክሪዮል በዓል በኦክቶበር በላፋዬት በነጻ ይካሄዳል፤ ሙቀቱም ይበርዳል። ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮችን ያስቡ። አንደኛው፣ የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 መሆኑ ነው፤ ላውራ በኦገስት፣ ዴልታ በኦክቶበር 2020 ደቡብ ምዕራብ ሉዊዚያናን፣ አይዳ በኦገስት 2021 የሆማን አካባቢ ክፉኛ ጎድተዋል። ሁለተኛው፣ በዚህ ጊዜ የሸንኮራ አገዳ አጨዳ ስለሚጀምር በባዩ ቴሽ (ባዩ ማለት ዝግ ብሎ የሚፈስ የውኃ መስመር ነው) ዳር ያሉ ጠባብ መንገዶች በአገዳ ጫኝ መኪናዎች ይሞላሉ፤ ከጎማቸው የሚወድቀው ጭቃ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል።

ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ያለውን ጊዜ በአርቪ ለሚጓዝ ቤተሰብ አልመክርም። እርጥበት የተቀላቀለበት ሙቀት ሌሊትም አይለቅም፤ ትንኙም ከምሽት ጀምሮ ደጅ አያስቀምጥም።

ሦስተኛ፦ ተሽከርካሪውን በመንገዱ ልክ ይምረጡ

የባዩ ዳር መንገዶች ጠባብና ጠመዝማዛ ናቸው፤ የጥንቶቹ ከተሞች መሃል ላይ ደግሞ የኦክ ቅርንጫፎች ዝቅ ብለው ይወርዳሉ። ስለዚህ ከ25 ጫማ የማይበልጥ፣ ከሹፌሩ በላይ አልጋ ያለው ክላስ ሲ የሚባለው አርቪ ለአራት ሰው ቤተሰብ ይበቃል። ለሁለት ሰው ቫን የሚመስለው ክላስ ቢ ከሁሉ ይመቻል፤ ከተማ ውስጥ እንደ ተራ መኪና ይቆማልና። አውቶቡስ የሚያክለውን ክላስ ኤ ይዘው ከመጡ ካምፕ ላይ ያቁሙትና በትንሽ መኪና ይንቀሳቀሱ። የራሱ ፒክአፕ ወይም ትልቅ ኤስዩቪ ያለው ሰው ተጎታች ቤት ቢከራይ፣ ቤቱን ካምፕ ላይ ፈትቶ በመኪናው እንደልቡ መዞር ስለሚችል ብልህ ምርጫ አድርጓል። ሁለትና ሦስት ቤተሰብ ሆኖ መጓዝ ለሚወድ እንደኛ ላለ ሰውም መፍትሔው ቅርብ ነው፤ አንዱ አርቪውን ሲነዳ ሌላው በመኪና ይከተላል፤ ሁሉም ካምፕ ከደረሱ በኋላ በመኪናው ይወጣሉ።

ሲረከቡ የሚከተሉትን በዓይንዎ ይዩ፤ በቃል ብቻ አይቀበሉ። የተሽከርካሪውን ቁመት በጫማና በኢንች ወረቀት ላይ ጽፈው ከመሪው ፊት ይለጥፉ። አየር ማቀዝቀዣውን አብርተው ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ያቆዩት፤ በዚህ አገር ያለ ማቀዝቀዣ መተኛት አይቻልም። የመስኮትና የበር ወንፊቶች እንዳልተቀደዱ ይመልከቱ። የኤሌክትሪክ መሰኪያው 30 ወይም 50 አምፕ መሆኑን ይጠይቁ፤ ሁለት ማቀዝቀዣ ያለው አርቪ ብዙውን ጊዜ 50 ይፈልጋል። የመብረቅ ዝናብ የተለመደ ስለሆነ ኃይል ሲዋዥቅ መሣሪያዎቹን የሚጠብቅ ሰርጅ ፕሮቴክተር አብሮ መኖሩን ያረጋግጡ። ኢንሹራንሱ ጣራን የሚጨምር መሆኑንም ያንብቡ፤ በኪራይ ውሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ከሽፋን ውጭ የሚደረገው ከላይ የሚደርስ ጉዳት ሲሆን፣ ይህ አገር ደግሞ የቅርንጫፍ አገር ነው። የነዳጅ ወጪ ሲያሰሉ በአንድ ጋሎን ከ8 እስከ 10 ማይል አድርገው ይቁጠሩ።

አራተኛ፦ ሁለት ማደሪያ ይያዙ፤ ቢበዛ ሦስት

በየቀኑ ነቅሎ መሄድ የዚህን አገር ጣዕም ያጠፋል። ርቀቱ አጭር ነው፤ ከአንድ ቦታ ሆነው ግማሹን አካባቢ መድረስ ይችላሉ። የሰባት ሌሊት ጉዞ ካለዎት አምስቱን በባዩ ቴሽ ወይም በቨርሚሊየን ወንዝ ዳር፣ ሁለቱን በፕሬሪው ላይ ይደሩ።

ለመጀመሪያው ክፍል ሁለት የግዛቲቱ ፓርኮች አሉ። ሌክ ፎስ ፖይንት የአቻፋላያን ረግረግ ውኃ ከሚገድበው የአፈር ግድብ አጠገብ ያለ፣ 6,000 ኤከር ስፋት ያለው ፓርክ ነው፤ ታንኳ ተከራይቶ በሳይፕረስ መካከል መቅዘፍ፣ በእግር መንገዶቹ መሄድና ዓሣ ማጥመድ ይቻላል። ከሱቅ ስለሚርቅ ምግብ፣ በረዶና ነዳጅ ሴንት ማርቲንቪል ወይም ኒው አይቤሪያ ላይ ሞልተው ይግቡ። ሌላው ከአቢቪል በስተደቡብ ያለው ፓልሜቶ አይላንድ ነው፤ ልጆች የሚጫወቱበት የውኃ መናፈሻ አለው፤ መንገዱም ለትልቅ ተሽከርካሪ ይቀላል። ልጅ የሌለው ፎስ ፖይንትን፣ ልጅ ያለው ፓልሜቶን ይምረጥ እላለሁ። ከኢንተርስቴቱ ብዙም መራቅ ለማይፈልግ በሄንደርሰንና በብሮ ብሪጅ አካባቢ የግል የአርቪ ካምፖች አሉ።

ለሁለተኛው ክፍል ቪል ፕላት አጠገብ ያለው ቺኮት ከሁሉ ይበልጣል። ከ6,000 ኤከር የሚበልጥ ደን፣ መሃሉ ላይ ሰፊ ሐይቅ፣ ከጎኑም የግዛቲቱ የዛፍ ማሳደጊያ ደን አለ፤ ዩኒስና ማሙም ቅርብ ናቸው። ዓርብና ቅዳሜ ሌሊቱን እዚህ ይደሩ።

ቦታ ሲይዙ ውኃና ኤሌክትሪክ እንዳለው፣ መደቡ ሲሚንቶ ወይም አስፋልት መሆኑን ይጠይቁ። ከዝናብ በኋላ ሣር ላይ የቆመ ከባድ አርቪ ሰምጦ በጎታች መኪና ብቻ ሊወጣ ይችላል።

አምስተኛ፦ መስመሩን ይዘርጉ

ከሂውስተን የሚነሳ ሰው እሑድ ጠዋት ወጥቶ በዚያው ቀን ካምፑ ይድረስ። በመንገዱ ላይ ከክራውሊ ወጣ ብሎ የሩዙን አገር ማየት ተገቢ ነው። ገበሬው ሩዙን ካጨደ በኋላ ያንኑ ማሳ በውኃ ሞልቶ ክሮውፊሽ ያረባበታል፤ በአሜሪካ ክረምትና ጸደይ ወራት በጎርፍ በተሸፈነው ማሳ ላይ ቀይ ወጥመዶች በረድፍ ቆመው፣ ጎማ ያላቸው ጀልባዎች በመካከላቸው ሲሄዱ ይታያል። የ2023ቱ ድርቅ ማሳዎቹን ባደረቀ ጊዜ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ የክሮውፊሽ ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበር፤ የዚህ አገር ማዕድ በውኃ ላይ የቆመ መሆኑን ያኔ ሁሉም አየው።

የመጀመሪያውን ሙሉ ቀን ለቴሽ ይስጡት። ባዩ ቴሽ ከፖርት ባር ተነስቶ 125 ማይል ያህል ወደ ሞርጋን ሲቲ ይወርዳል። መኪናዎን ከብሮ ብሪጅ አስነስተው በግዛት መንገድ 31 ወደ ደቡብ ይንዱ፤ ውኃው አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ይከተልዎታል። ሴንት ማርቲንቪል ላይ ቢያንስ ግማሽ ቀን ይቆዩ። የአካዲያኖች እናት ቤተ ክርስቲያን የሚባለው ሴንት ማርቲን ደ ቱር አደባባዩ ላይ ነው፤ ከእርሱ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ባዩው ዳር፣ አሜሪካዊው ገጣሚ ሎንግፌሎ በ1847 ባሳተመው ግጥም ውስጥ ባለች ሴት ስም የተሰየመው የኢቫንጀሊን ኦክ ቆሟል። ብዙ ጎብኚ ዛፉን ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። እኔ ግን ከዛፉ አጠገብ ያለውን የአካዲያን መታሰቢያ እጅግ አስቀድማለሁ፤ በግድግዳው ላይ ወደ ሉዊዚያና የደረሱት ስደተኞች ስም ተቀርጿል፤ በዚያው ቅጥር ያለው የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም ደግሞ በግዳጅ ከአፍሪካ የመጡትን ሰዎች መንገድ ይተርካል። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ማንበብ ያስፈልጋል፤ የአገዳው ሀብት የተገነባው በባርነት በተያዙ ሰዎች ጉልበት ነበርና። ልጆች ካሉ አስቀድመው በቤት ውስጥ ቢያወሯቸው ጥያቄያቸው ብዙና ጥሩ ይሆናል።

በማግሥቱ ከኒው አይቤሪያ ደቡብ ምዕራብ ወዳለው ኤቨሪ አይላንድ ይሂዱ። ይህ ቦታ ከመሬት በታች ባለ ግዙፍ የጨው ክምር ወደ ላይ የተገፋ ኮረብታ ነው። የማክኢልኼኒ ቤተሰብ ከ1868 ጀምሮ ታባስኮ ሶስን የሚሠራው እዚህ ነው፤ ፋብሪካው ይጎበኛል። ከፋብሪካው ይልቅ ግን የአትክልት ስፍራው ጊዜ ይገባዋል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሴቶች ለባርኔጣ በሚያደርጉት ላባ ምክንያት ነጫጭ ሳቢሳዎች ሊጠፉ በተቃረቡ ጊዜ፣ ኤድዋርድ ማክኢልኼኒ ጥቂት ጫጩቶችን ሰብስቦ አሳድጎ ለቀቃቸው፤ ወፎቹም በየዓመቱ ተመልሰው ይራባሉ። ከማርች እስከ ጁን የሄደ ሰው በኩሬው ላይ በተተከሉት መደቦች ላይ ጎጆዎቹን ያያል።

ሦስተኛውን ቀን ወደ ፍራንክሊን በሚወስደው በአሮጌው መንገድ 182 ይንዱ። ከጎኑ ፈጣኑ ዩኤስ 90 አለ፤ ለመልክዓ ምድሩ ሲሉ አሮጌውን ይያዙ። ቻረንተን ላይ የቺቲማቻ ሕዝብ ሙዚየም አለ፤ ቺቲማቻዎች በሉዊዚያና ከቀደመ መሬታቸው በከፊሉ ላይ ዛሬም የሚኖሩ ብቸኛ የአገሬው ተወላጅ ሕዝብ ናቸው፤ ከወንዝ ቀርከሃ የሚሠሩት ባለ ቀለም ቅርጫት ስፌታችንን ለሚያውቅ ዓይን የዘመድ ሥራ ይመስላል።

አራተኛው ቀን የረግረጉ ቀን ነው። የአቻፋላያ ሸለቆ በአሜሪካ ትልቁ የወንዝ ረግረግ ሲሆን በመኪና መስኮት አይታይም፤ ጀልባ ያስፈልጋል። ከሄንደርሰን ወይም ከሌክ ማርቲን የሚነሱ አስጎብኚዎች አሉ። ድምፁ ከፍተኛ ከሆነው ባለ ማራገቢያ ጀልባ ይልቅ ትንሽና ዝግ ያለ ጀልባ ይምረጡ፤ ወፉም አዞውም የሚታየው በጸጥታ ሲሄዱ ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው የመጀመሪያ ሰዓትና ከመጥለቋ በፊት ያለው የመጨረሻው ምርጥ ጊዜ ናቸው። በሌክ ማርቲን ዳር ያለው መንገድ ጠጠር ስለሆነ አርቪ ይዘው አይግቡበት። በአሜሪካ በጋ ወራት አዞዎች እንቁላል ስለሚጥሉ የእግር መንገዱ ይዘጋል።

ከዚያ በኋላ ዓርብ ወደ ቺኮት ይዛወሩ፤ መንገዱ በኦፐሉሳስ በኩል ያልፋል።

ስድስተኛ፦ መንዳቱ

ከባተን ሩዥ አቅጣጫ የሚመጣ ሰው ሁለት ነገር ይገጥመዋል። አንደኛው የሚሲሲፒ ድልድይ ነው፤ ጠዋትና ማታ መኪና ስለሚጨናነቅ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ይሻገሩት። ሁለተኛው በ1973 የተከፈተው፣ ረግረጉን 18 ማይል ያህል የሚያቋርጠው የአቻፋላያ ድልድይ ነው። መንትያ ድልድዮቹ ጠባብ ትከሻ ስላላቸው ተበላሽቶ መቆም አደገኛ ነው፤ መውጫውም ሁለት ብቻ ነው። ከመግባትዎ በፊት ጎማና ነዳጅ ይመልከቱ፤ በቀኝ መስመር ይሂዱ፤ ከፊት ካለው ጭነት መኪና በቂ ርቀት ይጠብቁ። ጎን ነፋስ ከፍ ያለውን አርቪ ስለሚገፋ መሪውን በሁለት እጅ ይያዙ። በመውጫ 121 የአቻፋላያ የእንግዳ መቀበያ አለ፤ ካርታና መጸዳጃ ይገኝበታል።

በባዩዎቹ ላይ ያሉት ትናንሽ ድልድዮች ለጀልባ የሚከፈቱ ናቸው፤ ደወል ከጮኸና መከላከያው ከወረደ ሞተርዎን አጥፍተው ይጠብቁ። የክብደት ገደብ የተጻፈበትን ምልክት ሳያነቡ ግን አይሻገሩ። የስልክ ካርታ አጭሩን መንገድ ይመርጣል እንጂ የአርቪዎን ቁመትና ክብደት አያውቅም፤ ስለዚህ የተሽከርካሪ ልክ የሚቀበል መተግበሪያ ይጠቀሙ። ለመንገድ መዘጋት የግዛቲቱን 511 የመንገድ መረጃ ጠዋት ጠዋት ይመልከቱ።

ሰባተኛ፦ ማዕዱ

እዚህ ላይ ለእኛ አንባቢ ግልጽ መሆን ያስፈልጋል። የኬጀን ማዕድ በአሳማና በቅርፊት ለባሽ የውኃ ፍጥረት የተሞላ ነው። ስኮት ከተማ የምትታወቅበት ቡዳን ሩዝና የአሳማ ሥጋ በአንጀት ውስጥ የተሞላበት ነው፤ አንዱዊና ታሶም አሳማ ናቸው። ቀይ ባቄላና ሩዝ የጾም ቢመስልም አብዛኛውን ጊዜ በአሳማ ሥጋ ይቀቀላል፤ አትክልቱም እንዲሁ። ስለዚህ «ሥጋ አለው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ መረቁና ስቡ ከምን እንደሆነ ጨምረው ይጠይቁ። ሰዎቹ ስለ ምግባቸው መናገር ስለሚወዱ በደስታ ይነግርዎታል።

የማይበላው ነገር የሌለበት ሰው በብሮ ብሪጅ፣ ምክር ቤቱ በ1959 የዓለም የክሮውፊሽ ዋና ከተማ ባላት ከተማ፣ በበርበሬና በቅመም የተቀቀለ ክሮውፊሽ በትሪ ላይ ተዘርግቶለት በእጁ ይብላ፤ ጋምቦ የሚባለውን ወፍራም ሾርባም ያለ ችኮላ ይቅመስ። በካቶሊኮች የዐቢይ ጾም ዓርብ ዓርብ ሥጋ ስለማይበላ በየአጥቢያው ዓሣ ይጠበሳል። የእኛ ሁዳዴም በዚያው ሰሞን ስለሚውል ጾመኛ ቤተሰብ በኩሽናው ይተማመን፤ የአርቪ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። ሽሮውንና በርበሬውን ከቤት ይያዙ፤ ሩዙን፣ ባሚያውንና ስኳር ድንቹን ከገበሬው ገበያ ይግዙ። ከ1910 ጀምሮ በአቢቪል የሚሠራው የስቲንስ የአገዳ ሽሮፕ ለልጆች ቁርስ ግሩም ነው። ቅመም ሲቆሉ ግን ደጅ ላይ፣ በጋዝ ምድጃ ያድርጉት፤ የተከራዩት ቤት ሽታውን ለረጅም ጊዜ ይይዛል፤ የጽዳት ክፍያም ያስከትላል።

ስምንተኛ፦ ካምፕ ላይ

ሲደርሱ መጀመሪያ መሬቱን ይመልከቱ። በደቡብ ሉዊዚያና እሳት ጉንዳን የሚባሉ ቀያይ ጉንዳኖች አሉ፤ የአፈር ክምራቸው ላይ የቆመ እግር በሰከንዶች ውስጥ ይነደፋል። ልጆች በክፍት ጫማ ሣር ላይ አይሩጡ፤ የውኃና የኤሌክትሪክ መሰኪያ ሳጥኑንም ከመንካትዎ በፊት ውስጡን ይዩ። አዞ በሐይቁ ውስጥ እንዳለ ሁልጊዜ ይቁጠሩ፤ ውኃ ዳር ዓሣ አያጽዱ፤ ውሻም ያለ ገመድ አይልቀቁ። አዞ መመገብ ለሚቀጥለው ጎብኚ አደጋ የሚያመጣ ተግባር ነው።

የቆሻሻ ውኃ አወጋገዱን ሳይለማመዱ አይነሱ። ሁለት ታንኮች አሉ፤ አንዱ የመጸዳጃው፣ ሌላው የመታጠቢያውና የእቃ ማጠቢያው ነው። ጓንት አጥልቀው መጀመሪያ የመጸዳጃውን፣ ቀጥሎ የመታጠቢያውን ይክፈቱ፤ ሁለተኛው ቱቦውን ያጥበዋል። የመጸዳጃውን ታንክ ቫልቭ ካምፕ ላይ ክፍት አድርገው አይተዉት፤ ፈሳሹ ብቻ ሄዶ ደረቁ ይቀራል፤ ታንኩም ይደፈናል። በሉዊዚያና ሙቀት ሽታው ቶሎ ስለሚነሳ በየሁለት ሦስት ቀኑ ያፍስሱ።

አውሎ ነፋስ በስተደቡብ ባለው ባሕረ ሰላጤ ላይ መፈጠሩ ከተነገረ፣ የመልቀቅ ትእዛዝ እስኪወጣ አይጠብቁ። ትእዛዝ ከወጣ በኋላ መንገዱ ይዘጋል፤ ነዳጅም ያልቃል። አርቪ በነፋስ ውስጥ መጠለያ አይሆንም፤ ከሁለት ቀን በፊት ወደ ሰሜን፣ ወደ አሌክሳንድሪያ አቅጣጫ ይውጡ። የቶርኔዶ፣ ማለትም እየተሽከረከረ በድንገት የሚመጣ ነፋስ፣ ማስጠንቀቂያ ሌሊት ከመጣ ከተሽከርካሪው ወጥተው በጽኑ ወደተሠራው የፓርኩ መታጠቢያ ቤት ይግቡ፤ ሲደርሱ የትኛው ሕንፃ እንደሆነ ሠራተኞቹን ይጠይቁ።

የመመለሻው ቀን እሑድ ወይም ሰኞ ይሁን። ታንኮቹን ከካምፑ ሳይወጡ ያፍስሱ፤ ጋዙን ይዝጉ፤ የሚዘረጋውን ጥላ ጠቅልለው መቆለፉን ያረጋግጡ። ወደ ሂውስተን የሚመለስ ሰው ተሽከርካሪውን የሚያስረክብበትን ሰዓት ለማግስቱ ጠዋት ቢያስይዝ ሳይቸኩል ዩኒስን አልፎ፣ በመንገድ 190 በሩዙ ማሳዎች መካከል እስከ ኪንደር ነድቶ፣ ከዚያ በዩኤስ 165 ወደ ኢንተርስቴቱ ሊወርድ ይችላል።